ኮምፒዩተርን ያለ መጫኛ ሲዲ እንደ ገና ስለ ማዘጋጀት

የሕንፃ መሣሪያ በጅምላ የሚሸጡ አንድ የቈየ ወዳጃችን ባለፈው ክረምት የደረሰባቸውን ጕዳት በዝርዝር አጫውተውናል። የሱቃቸው ኮምፒዩተር አንድ ቀን ጧት አልነሣም አለ። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት ካሳየ በኋላ ይጠፋል፤ እንደ ገና ይበራል፤ እንደ ገና ይጠፋል። የሱቁ ልጅ ኮምፒዩተሩን ተሸክሞ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጠጋኝ ወሰደው። ጠጋኙም አይቶ «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፤ ፎርማት ተደርጎ አዲስ ይጫንበታል» አለ፤ ልጁም «እሺ» ብሎ ተመለሰ። ወደ ማታ ኮምፒዩተሩ ንጹሕና ፈጣን ሆኖ መጣ፤ የተከፈለበትም ዋጋ ብዙ አልነበረም። በማግሥቱ የሒሳብ ሠራተኛው ሲከፍተው ግን የሦስት ዓመት የሒሳብ መዝገብ፣ የዱቤ ደንበኞች ዝርዝርና ከውጭ አገር አቅራቢዎች ጋር የተጻጻፉት ደብዳቤ ሁሉ የለም። ጠጋኙ ሲጠየቅ የሰጠው መልስ አጭር ነው፤ «ፋይል ይቀመጥ ያለኝ ሰው የለም» አለ። እውነቱንም ነው፤ ማንም አላለውም።

ወዳጃችን ከወረቀት ደረሰኝ እየለቀሙ መዝገባቸውን እንደ ገና ለማቋቋም ብዙ ወራት ፈጀባቸው። ከዱቤ ደንበኞቻቸው መካከል ጨዋዎቹ ራሳቸው መጥተው «ይህን ያህል አለብኝ» ሲሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ «ከፍዬ ጨርሻለሁ፤ መዝገብዎን ይመልከቱ» አሉ። የሚመለከቱት መዝገብ እንደሌለ ግን ወሬው አስቀድሞ በገበያው ተሰምቶ ነበር።

ይህን የምንጽፈው ጠጋኙን ለመክሰስ አይደለም። ጥፋቱ የብዙዎች ነው፤ ከእነዚህም ብዙዎች መካከል እኛ ነጋዴዎች የፊተኛውን ስፍራ እንይዛለን። ኮምፒዩተሩን ያስመጣው ሰው ያለ ምንም ወረቀት ሸጠው፤ ባለ ሱቁ ያለ ምንም ጥያቄ ገዛው፤ በታመመም ጊዜ ያለ ምንም ትእዛዝ ለባዕድ እጅ ሰጠው። ጠጋኙም ከኪሱ ባወጣት አንዲት ፍላሽ፣ ከየት እንደ መጣች በማይታወቅ፣ ሥራውን ፈጸመ። ምክንያቱ ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ የሁሉም መልስ አንድ ነው፤ «መጫኛው ሲዲ የለንም» ይላሉ። በእኛ አስተያየት ይህ ምክንያት ከሞተ ብዙ ዘመን አልፎታል።

በርግጥ ቀድሞ እውነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ዊንዶውስ 95 በሲዲ ወይም በ13 ፍሎፒ ዲስኮች ይሸጥ ነበርና ከዲስኮቹ አንዱ የተበላሸበት ወይም የጠፋበት ሰው እውነትም ችግር ላይ ይወድቅ ነበር። በኋላ ግን የኮምፒዩተር ፋብሪካዎች ወጪ ለመቀነስ ሲሉ ሲዲውን ከካርቶኑ ውስጥ ማስቀመጥ ተዉ፤ በምትኩም ከሃርድ ዲስኩ ላይ አንድ ክፍል ከልለው መጫኛውን በዚያ ሸሸጉት። እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲወጣ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ፤ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው በሚሸጡ አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ላይ ባለ 25 ፊደሉ የፈቃድ ቍጥር ከጀርባ በሚለጠፍ ወረቀት ላይ መታተሙ ቀርቶ በራሱ በማዘር ቦርዱ ቋሚ ማስታወሻ ውስጥ ተጻፈ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ከዊንዶውስ 10 ጋር የመጣው አሠራር ደግሞ ከዚህም ያለፈ ነው፤ አንድ ኮምፒዩተር አንድ ጊዜ በሕጋዊ ፈቃድ ከተመዘገበ አምራቹ ኩባንያ ማሽኑን ለይቶ ያውቀዋል፤ እንደ ገና ሲጫንበትም ከኢንተርኔት ጋር በተገናኘ ጊዜ ቍጥር ሳይጠይቅ ፈቃዱን ያጸድቅለታል።

ነገሩን በእኛው ቋንቋ እንናገረው። ማንም አስመጪ ዕቃው ጅቡቲ ወደብ ደርሶ ሳለ የጭነቱ ሰነድ ቢጠፋበት ሰነዱን እንደ ገና የሚያገኝበትን መንገድ ይፈልጋል እንጂ ሐሰተኛ ሰነድ አሳትሞ ዕቃውን ለማውጣት አይሞክርም። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። ሲዲው ወይም ፍላሹ ማጓጓዣ ብቻ ነው፤ የባለቤትነት ሰነዱ ፈቃዱ ነው። ማጓጓዣው ቢጠፋ ሌላ በነጻ ይገኛል፤ ሰነዱ ደግሞ በአብዛኛው ከማሽኑ ሆድ ውስጥ አለ። ታዲያ ዋጋውን ከፍሎ የገዛውን መብት በጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ የተሰረቀ ቅጂ የሚያስጭን ነጋዴ ምን ይባላል?

ትክክለኛው አሠራር እንዴት እንደ ሆነ ጥቂት ዘርዘር አድርገን እንናገራለን፤ ባለ ሱቁ ራሱ ባይሠራው እንኳ ሠሪውን ለማዘዝና ለመቈጣጠር ይጠቅመዋል።

ኮምፒዩተሩ ቢንገዳገድም የሚነሣ ከሆነ በራሱ በዊንዶውስ የማስተካከያ ክፍል ውስጥ ማሽኑን ወደ መጀመሪያው ሁኔታ የሚመልስ መሣሪያ አለ። ይህ መሣሪያ ሁለት ምርጫ ያቀርባል፤ አንደኛው የግል ፋይሎችን አስቀርቶ ፕሮግራሞቹን ብቻ ያጠፋል፤ ሁለተኛው ሁሉን ያጠፋል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ደግሞ አዲሱን ቅጂ በቀጥታ ከኢንተርኔት ማውረድ ይቻላል፤ ነገር ግን ይህ ከ4 ጊጋ ባይት በላይ ሊወስድ ስለሚችል ጥቅል የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ያስብበት። ጨርሶ የማይነሣ ከሆነ ከፋብሪካው የተሸሸገውን ክፍል መሞከር ነው፤ በኤችፒ ኮምፒዩተሮች ላይ ሲበራ ኤፍ 11ን በመጫን፣ በኤሰር ላይ ኦልትና ኤፍ 10ን አንድ ላይ በመጫን ይከፈታል። ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ በፊት ፎርማት የተደረጉ በመሆናቸው ይህ ክፍል ተደምስሶ ይገኛል።

ያ ሁሉ ባይገኝ ሌላ ደኅና ኮምፒዩተርና ቢያንስ 8 ጊጋ ባይት የሚይዝ ባዶ ፍላሽ ይበቃል። ከማይክሮሶፍት ከራሱ ድረ ገጽ የመጫኛ ማዘጋጃ ፕሮግራሙን በነጻ አውርዶ ፍላሹን ማዘጋጀት ነው። በሚጫንበት ጊዜ የፈቃድ ቍጥር ቢጠየቅ «ቍጥር የለኝም» የሚለውን መምረጥ ይቻላል፤ መጠንቀቅ የሚገባው ቀድሞ የነበረውን ዐይነት እንደ ነበረ መምረጥ ነው፤ ሆም የነበረው ሆም፣ ፕሮ የነበረው ፕሮ። ብዙ ጠጋኞች ለደንበኛው ውለታ የዋሉ እየመሰላቸው ሆም በነበረው ላይ ፕሮ ይጭናሉ፤ በዚህም ማሽኑ ያለውን ሕጋዊ ፈቃድ ከጥቅም ውጭ አድርገው ለክራክ በር ይከፍታሉ። ማክ የሚጠቀሙ አባሎቻችን በዚህ በኩል ዕድለኞች ናቸው፤ አፕል እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ መጫኛውን በዲስኩ ላይ ከማስቀመጡም በላይ ብዙዎቹ ማሽኖች በቀጥታ ከኢንተርኔት ሊያወርዱት ይችላሉ።

ስለ ክራክ ጥቂት መናገር ግድ ነው። ጠጋኙ በነጻ እንደ ሰጠ አድርጎ የሚጭነው ይህ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ብዙ ነጋዴ አልተረዳውም። ትልልቅ ድርጅቶች ለብዙ ኮምፒዩተሮች ፈቃድ በአንድነት ሲገዙ በራሳቸው ግቢ ውስጥ ፈቃድ የሚያድል ማሽን ያቆማሉ፤ በሥሩ ያሉት ኮምፒዩተሮችም ቢያንስ በየ180 ቀኑ ከዚህ ማሽን ማረጋገጫ ይቀበላሉ። በሰፊው ከሚሠራባቸው ክራኮች አንዱ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ሐሰተኛ አዳይ አቁሞ ዊንዶውስን ማታለል ነው። ይህ እንዲሆን ግን አስቀድሞ የኮምፒዩተሩን የቫይረስ መከላከያ ማጥፋት ያስፈልጋል፤ መከላከያው ቢነቃ ክራኩን ይይዘዋልና። እንግዲህ አስቡት፤ ሌሊት መጋዘናችሁን የሚጠብቀውን ዘበኛ አንድ የማታውቁት ሰው አሰናብቶ፣ በምትኩ የራሱን ሰው በር ላይ አቁሞ፣ «ለእናንተ ብዬ ነው» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? በዚያው ማሽን ላይ የባንክ ሒሳባችሁን ትከፍታላችሁ፤ ከውጭ አገር አቅራቢ ጋር ስለ ክፍያ ትጻጻፋላችሁ፤ ግብራችሁን ታስታውቃላችሁ።

በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ተንኰለኛ ፕሮግራም ከ150 በሚበልጡ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ቈልፎ ቤዛ የጠየቀበትን ጊዜ ብዙዎቻችን እናስታውሰዋለን። የሚያሳዝነው ግን የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማደሻ ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት፣ ወጥቶ ነበር። ማደሻውን የተቀበለ ዳነ፤ ያልተቀበለ ተያዘ። ክራክ የሚጭኑ ሰዎች ደግሞ ፈቃዱ እንዳይወድቅባቸው በመፍራት ብዙ ጊዜ የማደሻውን በር ይዘጋሉ። ከዚህም ሌላ ሕግ አለ፤ የቅጂና የተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁት ሥራዎች መካከል ቈጥሮታል። የንግድ ምልክቱ ሲሰረቅበት ወደ ፍርድ ቤት የሚሮጥ ነጋዴ የሌላውን ንብረት በሱቁ ውስጥ ሲጠቀምበት አለማፈሩ ያስገርማል።

በዚህ ላይ የሚነሣ መቃወሚያ እንዳለ አናጣውም። «ፈቃድ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገዛ፤ ምንዛሪውን ከየት እናምጣ? ዋጋውስ ለትንሽ ሱቅ ይቻላል ወይ?» የሚሉ አሉ። አነጋገሩ ባዶ አይደለም፤ ምንዛሪ ፍለጋ ምን ያህል እንደሚያደክም ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሆኖም ከዚህ በላይ እንደ ተናገርነው፣ የታወቁ ፋብሪካዎች ዊንዶውስን ጭነው የሸጧቸው ኮምፒዩተሮች ፈቃዳቸው በዋጋቸው ውስጥ ገብቶ ተከፍሏል፤ ችግሩ መብቱ አለመኖሩ ሳይሆን ባለቤቱ አለማወቁ ነው። ፈቃድ የሌለው ማሽን የገዛ ሰው ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። ኡቡንቱ የተባለው እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በነጻ የሚሰጥ ስርዓተ ክወና ደብዳቤ ለመጻፍ፣ ኢሜይል ለመላክ፣ ኢንተርኔት ለመጠቀም ምንም አይጐድለውም። እርግጥ ነው፣ ፒችትሪን የመሰሉ የሒሳብ ፕሮግራሞች ለዊንዶውስ የተሠሩ ስለ ሆኑ በኡቡንቱ ላይ እንደ ልብ አይሠሩም፤ ስለዚህ የሒሳብ ክፍሉን ማሽን ለብቻው ሕጋዊ ዊንዶውስ ማድረግና የቀሩትን በነጻው ማሠራት ብልኅነት ነው እንላለን። አንድ ፈቃድ መግዛትና አምስት መግዛት አንድ አይደለም።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር እንመለስ፤ ይኸውም ከመጫን በፊት ስለሚደረገው ዝግጅት ነው። የወዳጃችን መዝገብ የጠፋው በመጫኑ ሳይሆን ከመጫኑ በፊት ባልተሠራ ሥራ ነው።

ብዙ ሰው «ዶክመንትስ የሚለውን ገልብጬ አስቀምጫለሁ» ብሎ ይተማመናል። ነገር ግን ፒችትሪና ብዙዎቹ የሒሳብ ፕሮግራሞች የድርጅቱን መዝገብ የሚያስቀምጡት በዶክመንትስ ውስጥ ሳይሆን በሲ ድራይቭ ላይ ባለው በራሳቸው አቃፊ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው መንገድ ከፕሮግራሙ ከራሱ የመጠባበቂያ ቅጂ ማውጣት፣ ይህንንም በፍላሽና በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ማስቀመጥ፣ ከዚያም በሌላው ኮምፒዩተር ላይ ከፍቶ የመጨረሻው ደረሰኝ መኖሩን ማየት ነው። ያልተከፈተ መጠባበቂያ እንደ ተጠባበቁት ላይሆን ይችላል። «ፋይሎቹን አስቀር» የሚለው የዊንዶውስ ምርጫም ቢሆን በተጠቃሚው አቃፊ ውስጥ ላሉት እንጂ በየፕሮግራሙ ጓዳ ላለው ዋስ አይሆንም። ኮምፒዩተሩ ጨርሶ ባይነሣ እንኳ ተስፋ መቍረጥ አይገባም፤ ዊንዶውስ ተበላሸ ማለት ሃርድ ዲስኩ ተበላሸ ማለት አይደለምና ጠጋኙ ዲስኩን ነቅሎ በሌላ ማሽን ላይ አያይዞ መዝገቡን ሊያወጣ ይችላል። ይህን ከፎርማት በፊት እንጂ ከፎርማት በኋላ መጠየቅ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል፤ በተለይም ኤስኤስዲ የተባሉት አዳዲሶቹ ዲስኮች የተደመሰሰውን ክፍል ወዲያው ስለሚያጸዱ የጠፋውን መመለስ በአብዛኛው አይቻልም።

የአማርኛ ደብዳቤም የራሱ ችግር አለው። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በጽሕፈት ቤቶቻችን የተጻፉት ደብዳቤዎችና ውሎች ግን እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች፣ ዩኒኮድን ባልተከተለ አቀማመጥ የተጻፉ ናቸው። አዲስ ዊንዶውስ ሲጫን እነዚህ የፊደል ፋይሎች አብረው ይጠፋሉ፤ የድሮው ውል ሲከፈትም ትርጕም የሌለው የላቲን ምልክት ሆኖ ይታያል። አንድ ጸሓፊ «ቫይረስ በልቶታል» ብላ የድሮ ደብዳቤዎችን ልታጠፋ ስትል የደረስንበት ጊዜ አለ። ጽሑፉ አልጠፋም፤ የሚያስነብበው ፊደል ነው የጠፋው። ስለዚህ ከመጫን በፊት የፊደል ፋይሎቹን ከዊንዶውስ የፎንት አቃፊ ገልብጦ ማስቀመጥ፣ ዋና ዋናዎቹን ውሎች ደግሞ በፒዲኤፍ ማውጣት ይገባል።

ሌላው ቍልፉ ነው። አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ዲስካቸውን በምስጢር የሚቈልፉ ናቸው፤ ባለቤቱ ሳያውቀውም ተቈልፎ የሚገኝ ብዙ ነው። ዲስኩ ተነቅሎ ሌላ ማሽን ላይ ሲገባ ወይም ማዘር ቦርዱ ሲለወጥ 48 አኃዝ ያለው መክፈቻ ቍጥር ይጠየቃል፤ ያንን ያላስቀመጠ ሰው የገዛ ንብረቱን ማየት አይችልም፤ ፋብሪካውም ሊረዳው አይችልም። ቍጥሩ ባለቤቱ በከፈተው የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ ነገር ግን አካውንቱን የከፈተው ከሁለት ዓመት በፊት የለቀቀው የሒሳብ ሠራተኛ ቢሆንስ? አካውንቱ በድርጅቱ ስም ይከፈት፤ ቍጥሩም በወረቀት ተጽፎ ከንግድ ፈቃዱ ጋር በካዝና ይቀመጥ።

በመጨረሻ ለኮምፒዩተር አስመጪዎች የምንለው አለን። የዊንዶውስ 10 ነጻ የጥበቃ ማደሻ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የጥበቃ ክፍልና በአምራቹ ዝርዝር ውስጥ ያለ ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ የኢንቴል ከሆነ በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው። ከዱባይና ከሌላም ስፍራ ከሚመጡት ያገለገሉ ላፕቶፖች መካከል ይህን የማያሟሉ ሞልተዋል። እነዚህን መሸጥ ነውር አይደለም፤ ለብዙ ሥራ ይጠቅማሉ፤ ነውሩ ሳይናገሩ መሸጥ ነው። የዊንዶውስ 7 ወረቀት ከጀርባው የተለጠፈበትን ማሽን «ኦሪጂናል ፈቃድ አለው» ብሎ መሸጥም ቀርቶ ቢሆን መልካም ነው፤ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ወዲህ ማይክሮሶፍት በዚያ ቍጥር አዲሱን ዊንዶውስ በነጻ ማጽደቅ አቁሟል።

ስለዚህ አንድ አሳብ እናቀርባለን። ኮምፒዩተር የሚሸጥ አባል ሁሉ በደረሰኙ ላይ አራት ነገር ቢጽፍ፦ ማሽኑ ሕጋዊ ፈቃድ ያለው መሆኑንና አለመሆኑን፤ የፈቃዱን ዐይነት፤ ዊንዶውስ 11ን የሚቀበል መሆኑንና አለመሆኑን፤ የፋብሪካው መመለሻ ክፍል በዲስኩ ላይ ያለ መሆኑን። የሚጠይቀው ወጪ የአንድ ፍላሽ ዋጋና የግማሽ ሰዓት ሥራ ቢሆን ነው፤ ከማሽኑ ጋር የተዘጋጀ መጫኛ ፍላሽ ጨምሮ የሚሰጥ ነጋዴ ደግሞ ደንበኛው በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ማን እንደሚሄድ አይጠራጠርም። ባለ ሱቁም በበኩሉ ማሽኑን ለጠጋኝ ሲሰጥ «መዝገቡ ሳይወጣ ፎርማት አይደረግም፤ ክራክ አይጫንም» የሚል ወረቀት ጽፎ ያስፈርም። ጠጋኞቹ ራሳቸው ይህን ይወዱታል ብለን እናምናለን፤ ከደንበኛ ጋር ከመጣላት ያድናቸዋልና።

ወዳጃችን ዛሬ መጫኛውን በአንድ ፍላሽ፣ የሒሳቡን ቅጂ በሌላ ፍላሽ አድርገው፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ሲዘጋ ወደ ቤታቸው ይወስዱታል። ስለ ደረሰኙ ጽሑፍ አሳብ ያላቸው አባሎች በጽሑፍ ቢልኩልን በሚከተሉት እትሞች እናወጣለን።